ሃያ ስድስት ደቂቃ

የሰው ኃይል ኃላፊው ፈርሞ በላከው ደብዳቤ መሠረት፣ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ባለፉት ሦስት ወራት አንድም ቀን በሰዓቷ ሥራ ገብታ አታውቅም። ደብዳቤው ቀኖቹን በሰንጠረዥ ደርድሮ በየቀኑ አንጻር የዘገየችበትን ደቂቃ አስፍሯል፦ ሃያ አራት፣ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ስድስት፣ ሠላሳ አንድ፣ ሃያ አምስት። በር ላይ የሚቆሙት ዘበኛ የሚሉት ደግሞ ሌላ ነው። «እኔ ይህን በር ስከፍት ከማዶ ቆማ የማያት የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። ዘነበ አልዘነበ፣ በረደ አልበረደ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሠራተኛ እንዳታስገባ ባልባል ኖሮ ገና ሳይነጋ ነበር የምትገባው። ማለዳ ብዬ ስም ያወጣሁላት በከንቱ መሰላችሁ?» ሁለቱም አልዋሹም። ኃላፊው የሚያየው ኮምፒውተሩ የላከለትን ቁጥር ነው፤ ዘበኛው የሚያዩት በሩን ነው። ከበሩ እስከ ቁጥሩ ድረስ ያለውን ሃያ ስድስት ደቂቃ የምታውቀው ማለዳ ብቻ ነበረች፤ እሷን ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ የጠየቃት አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ሠራተኛው ሲገባ የሚፈርመው ዘበኛው ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ሰፊ ደብተር ላይ ነበር። አምና ደብተሩ ተነሣና ሰዓት የሚቆጠረው ሠራተኛው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮምፒውተር ከፍቶ የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ ሆነ፤ በሩ የሚከፈተው በሁለት ሰዓት ስለሆነ ከበሩ ጠረጴዛው ጋ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ይታለፋል። አዲስ ኮምፒውተር ለደረሰው ሰው ከፍቶ መጻፉ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የማለዳ ኮምፒውተር ግን መጀመሪያ የሒሳብ ክፍል፣ ቀጥሎ የግዥ ክፍል፣ ከዚያም የጸሐፊዎቹ ሆኖ፣ ሁሉም ሲሰለቹት ወደ ምድር ቤት የወረደ ነው፤ ቁልፉን ተጭነውት እስኪነሣ ሃያ ስድስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በዚያ መሥሪያ ቤት ሰውም ዕቃም ሲያረጅ የሚወርደው ወደ መዝገብ ቤት ነበር። ማታ ማታ ለቁጠባ ተብሎ ኮምፒውተሮቹ የሚሰኩበት መብራት ሁሉ ከአንድ ማብሪያ ስለሚጠፋ ኮምፒውተሩን ሳያጠፉት ማደርም አይቻልም። ማለዳ ጥገና ይደረግልኝ ብላ ሦስት ጊዜ ጻፈች። የመጀመሪያው «በጀት ሲፈቀድ» ተብሎ ተመለሰ፤ ሁለተኛው የገባበት አልታወቀም፤ ለሦስተኛው በመልስ ፈንታ ማስጠንቀቂያ መጣላት። ከዚያ ሌላ ማስጠንቀቂያ ደገመ። አሁን የደረሳት ግን ማስጠንቀቂያ ሳይሆን መጥሪያ ነው፤ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ኮሚቴ ፊት ቀርባ ከሥራ የማትሰናበትበት ምክንያት ካላት እንድታስረዳ ይላል። ጡረታ ለመውጣት አራት ዓመት ቀርቷት ነበር።

ሐሙስ ዕለት እንደ ወትሮዋ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድማ ነቃች። የምትኖረው ታናሽ ወንድሟ ቤት ነው። የምትተኛው ከወንድሟ ልጅ ጋር በአንድ ክፍል፣ ቀን ቀን ከልጅቷ አልጋ ሥር በምትገፋ ፍራሽ ላይ ነው። ልብሷ በሁለት ሻንጣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ተቀምጧል፤ መነጽሯና መድኃኒቷ በመስኮቱ ደፍ ላይ። ከዚያ በላይ ቦታ ጠይቃ አታውቅም። ፍራሹን አጥፋ ስትገፋው የአልጋው እግር ሲጢጥ አለና ልጅቷ እንቅልፍ ውስጥ ሆና ተነፈሰች፤ ማለዳ ልጅቷ ጸጥ እስክትል ፍራሹን እንደያዘች ቆመች። ሳሎን ውስጥ ወንድሟ በመስተዋቱ ፊት ቆሞ ጢሙን ይላጫል። ውኃ ዛሬ ከሌሊቱ ጀምሮ እንደመጣ ነገራት። እሷም ዳቦ ትናንት እንደገና እንደጨመረ፣ መጠኑም እንደቀነሰ ነገረችው። «ዋጋው ሲያብጥ ዳቦው ይሟሽሻል» አለ እሱ። ከዚያ ምላጩን አጥቦ መላጨቱን ቀጠለ። ልጆች ሳሉ ይህ ወንድሟ ከእሷ ጎን ካልተኛ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር፤ አሁን ግን ውኃና ዳቦ ካለቁባቸው ሁለቱም የሚሉት የላቸውም። መጥሪያው ቦርሳዋ ውስጥ ነው። አልነገረችውም። ብትነግረው ይቆጣላት እንደነበር ታውቃለች፤ ከተቆጣ በኋላ ግን እሷ ሙሉ ቀን ቤት ስትውል የት እንደምትቀመጥ ማሰቡ አይቀርም፤ ያን ሲያስብ ፊቱን ማየት አልፈለገችም።

የወንድሟ ሚስት ከጓዳ ወጥታ ሻይ አቀበለቻት። ደግ ሴት ናት። ማለዳ ብታመሽ ራቷን በሳህን ገጥማ ታስቀምጥላታለች፤ አንድም ቀን ፊት ነሥታት አታውቅም።

«እትዬ፣ እሑድ ሥራ ትገቢያለሽ አይደል?»

«እገባለሁ።»

«ጨረሱሽ እነዚህ ሰዎች፤ እረፍት የሚባል የለም» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን ቀለል ያለ ነገር ነበር፤ ቀበቶውን እንደፈታ ሰው። «ባለፈው እሑድ ያመጣሽው ብርቱካን ጣፋጭ ነበር፤ ካገኘሽ ከዚያው ሰውዬ አምጪልን።»

አውቶቡስ ላይ የሠራተኞች ተወካይዋ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። ይህች ሴት ከወንድሟ ቤት ሁለት በር ዝቅ ብላ የምትኖር፣ ከወንድሟ ሚስት ጋር አብራ የምትገበይ ናት። በኮሚቴው ውስጥ የሠራተኛውን ድምፅ ይዛ የምትቀመጠውም እሷ ናት። ክፋት የለባትም፤ አፏ ግን በር የለውም። ጧት የሰማችውን ነገር ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ እንደራሱ ወሬ ሲያወራው ይገኛል። «እህቴ፣ ዛሬ አብረን ነን እኮ» አለቻት በሹክሹክታ፣ ግን ከፊት ያሉት ሁለት ሰዎች እስኪዞሩ ድረስ። «ለቤት ምንም አላልኩም፤ ሙች። ስብሰባ ላይ ያልተነገረ ነገር ከኔ አይወጣም።» ማለዳ አመሰገነቻት። ስብሰባ ላይ ስለሚነገረውስ ብላ ግን አልጠየቀችም።

መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ገና አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነበር። ዘበኛው ከውስጥ ሆነው በብረቱ መካከል አዩዋት።

«ዛሬ ነው አይደል ጉዳዩ?»

«ዛሬ ነው ጋሼ።»

«አይዞሽ ልጄ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«እያደር ነው ችግሩ፤ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው ያለኝ።»

ሳቁ። ከኋላቸው የጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ጠርዙ የተጠቀለለ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። «የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እሑድ እሑድ እንድትገባ ተፈቅዷል» ይላል፤ ከመቼ እስከ መቼ አይልም። ማለዳ ወረቀቱን ላለማየት ወደ መንገዱ ዞረች። ሁለት ሰዓት ሲሞላ በሩ ተከፈተና ገባች።

ምድር ቤት ስትወርድ መብራቱ በርቶ አገኘች። አንድ ረጅም፣ ቀጭን ወጣት ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሞ ቦርሳውን ይፈታል። የኮምፒውተር ጠጋኙ ነው፤ ከቅጥነቱም ከሥራውም ተነሥተው ሠራተኞቹ ሽቦ ይሉታል። አንድ ዓመት ሙሉ ጥገና ስትለምን ያልመጣ ሰው ስብሰባዋ ቀን ጧት ከእሷ ቀድሞ ተገኘ። «ኃላፊው ናቸው የላኩኝ እትዬ፤ በሩ ሳይከፈት እንድገባ ለዘበኛው ነግረውልኝ» አለ። «ቅሬታ አለ ይባላል፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ፈጣን አድርግልኝ አሉ። ለእርስዎ ብለው ነው።» ማለዳ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆመች። ለእሷ ተብሎ ይሆናል፤ ኃላፊው ሰንጠረዥ የሚያምን ሰው ነው እንጂ ተንኮለኛ አልነበረም። ግን ኮሚቴው ወርዶ እንይ ቢል የሚያገኘው በአንድ ደቂቃ የሚነሣ ኮምፒውተር ነው። ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ደቂቃ ይፈጅ ነበር ብትል ማን ይሰማታል? ዓመቱን ሙሉ ስትለምነው የኖረችው ነገር ዛሬ መጥቶ ያላትን ብቸኛ ምስክር ሊወስድባት ነው።

«አትንካው» አለች። «ዛሬን ብቻ እንደ ልማዱ ይዘግይልኝ። ነገ ከፈለግህ በታትነው።»

ወጣቱ ፊቷን አየና ወንበር ሳበ። «መጀመሪያ እንደ ልማዱ ሲነሣ ልየው እንግዲህ» አለና ቁልፉን ተጫነ።

ተቀመጡ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሦስት ግድግዳ እስከ ጣሪያው ፋይል፣ አንዱ ግድግዳ የሰው እግር ብቻ የሚታይበት ጠባብ መስኮት። «አሁን ጥቁር ሆኖ ይቆያል፤ አራት ደቂቃ ነው፤ አትደንግጥ» አለችው። አራተኛው ደቂቃ ላይ ምልክቱ ብቅ አለ። በዘጠነኛው ማራገቢያው እንደሚጮህ ነገረችው፤ ጮኸ። በአሥራ ሦስተኛው አንድ ሳጥን ወጥቶ ማተሚያው የታለ ብሎ እንደሚጠይቅ ነገረችው፤ ጠየቀ። ማተሚያው የተጣለ ስድስት ዓመቱ ነው። ማለዳ ሳታየው «ተወው» የሚለውን ተጫነችለት፤ አንድ ጥያቄ የሚደጋግም ልጅን ዝም እንደሚያሰኙት። በዚህ መካከል ጨርቅ አውጥታ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ እርሳሶቿን ቀረጸች፣ የትናንቱን ፋይሎች በየቀለማቸው ለየች። ወጣቱ በስልኩ ሰዓት ይይዛል፤ እሷ ስልክም ሰዓትም አላየችም።

«እትዬ፣ በምን ነው የሚያውቁት?»

«በትንፋሹ።»

አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ሁለት የቫይረስ መከላከያዎች ተከታትለው ብቅ ሲሉ ሽቦ ጭንቅላቱን ያዘ። «ሁለት ዘበኛ ቀጥረውበታል እኮ። አንዱ የገባውን ሁሉ ይፈትሻል፤ ሌላው ፈታሹን ይፈትሻል። እነሱ እስኪተማመኑ ባለቤቷ ደጅ ትቆማለች።» ከዚያ የሒሳብ ክፍሉ ፕሮግራም ተነሣ፣ የግዥ ክፍሉ ተነሣ፣ የጸሐፊዎቹ መልእክት መለዋወጫ ተነሣ፤ ኮምፒውተሩ የቀድሞ ባለቤቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ ጠርቶ ማንም አለመኖሩን ካላረጋገጠ በቀር ማለዳን አያስገባትም ነበር። በሃያ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ የሰዓት መቁጠሪያው ሣጥን ወጣና የይለፍ ቃሏን ጻፈች። ስክሪኑ ላይ በቀይ «ዘግይተዋል» የሚል ቃል በራ። ሽቦ ቃሉን አየና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይስሙኝ እትዬ» አለ። «ኮምፒውተር ሐሜተኛ ነው። በተነሣ ቁጥር ስንት ሰዓት ላይ እንደተጫኑት፣ ለመነሣት ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ ሳይቀር ከውስጥ ጽፎ ያስቀምጣል። አትሜ እሰጥዎታለሁ። እሱ በእጅዎ ካለ ብጠግነውም ምንም አይቀርብዎትም።»

ማለዳ ስትኖር ስትኖር እንዲህ ያለ ደስታ ተሰምቷት አያውቅም። አንድ ያየላት ነገር ነበር ማለት ነው። በየጧቱ፣ ማንም ሳያውቅላት፣ ቁልፉን የተጫነችበትን ደቂቃ የጻፈላት። ወጣቱ ወደ ላይኛው ፎቅ ሄዶ አትሞ ሲመለስ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች። ሁለት ሰዓት ከሦስት፣ ሁለት ሰዓት ከሁለት፣ ሁለት ሰዓት ከሦስት፤ ሃያ ስድስት ደቂቃ፣ ሃያ አራት ደቂቃ። ጣቷን እያስኬደች ወረደች። ከዚያ ጣቷ ቆመ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ ከዓርቡ ቀጥሎ የመጣው መስመር እሑድ ይላል። ሦስት ሰዓት ላይ ተነሥቷል፤ የጠፋው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የሚቀጥለውም ሳምንት እንደዚያው። የሚቀጥለውም። ሽቦም አይቶታል።

«እሑድም ሥራ አለ እንዴ?»

«ነበረ» አለች። ነገሩ እውነትም ነበረ። ሁለት ዓመት ሆኗል፤ የድሮ ፋይሎች ወደ ኮምፒውተር ይገልበጡ ተብሎ እሑድ እሑድ እየተከፈላት ስትገባ ከረመች። በሩ ላይ ያለው ፈቃድ የተለጠፈው ያኔ ነው። ከስምንት ወር በፊት ሥራው አለቀ፤ ክፍያውም ቆመ። በዚያን የመጀመሪያ የእረፍት እሑድ ማለዳ ቤት ውላ ልብስ ልታጥብ፣ ጠጉሯንም ልትታጠብ አስባ ነበር። ገና መኝታ ክፍሉ ውስጥ ሳለች የወንድሟ ሚስት ሳሎን ሆና ለእህቷ በስልክ ስታወራ ሰማች። «እሑድ እሑድ ሥራ ማግኘቷ ተመስገን ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቤቱ የኛ ይመስላል።» በክፋት አልተናገረችውም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እያፈረችም ጭምር ነበር የተናገረችው፤ የከበዳትም ለዚህ ነው። ማለዳ ልብሷን ለበሰች፤ ሳሎን ወጥታ «ዛሬም ይፈልጉኛል» አለች፤ ሄደች። ዘበኛው ወረቀቱን አይተው ከፈቱላት፤ የመብራቱንም ማብሪያ አበሩላት። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ያህል እሑድ አልፏል። ማንም ያላዘዛትን ፋይል ትገለብጣለች፤ ዳቦዋን በወረቀት ላይ አድርጋ ትበላለች፤ ወንበር ገጥማ ትተኛለች። ወደ ቤት ስትመለስ ከደሞዟ ቀንሳ ብርቱካን ትገዛለች፤ ሥራ ውሎ የተከፈለው ሰው ባዶ እጁን አይገባምና።

ይህን ሁሉ ለሽቦ አልነገረችውም። «ሥራው አልቋል፤ እኔ ግን እገባለሁ» ብቻ አለችው። ወጣቱ ፋይሎቹን አየ፤ ወንበሮቹን አየ፤ በመስኮቱ ውስጥ የሚያልፉትን እግሮች አየ። የራሱ እናት ወይም አክስት ትዝ ሳትለው አልቀረችም።

«እሑዶቹን ላውጣቸው?» አለ ቀስ ብሎ። «የሥራ ቀኑ ብቻ ይበቃል እኮ።»

ራሷን ነቀነቀች፤ አዎ ለማለት። ሙሉውን ወረቀት አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ እሑድ የሌለበትን ሌላ ወረቀት አትሞ ሰጣት።

ከዚያ ሥራውን ጀመረ። የማይፈለጉትን ፕሮግራሞች አብረው እንዳይነሡ አንድ በአንድ አሰናበተ፤ ከሁለቱ ዘበኞች አንዱን አባረረ፤ አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲስ ገለበጠና ቀየረው። እሷ በምሳ ሰዓት ዳቦዋን በልታ ስትጨርስ እሱ ሽፋኑን አሰረ። «ይጫኑት እስቲ» አላት። ተጫነች። እጇን ወደ መሳቢያው ሰድዳ የጠረጴዛውን ጨርቅ ገና ሳታወጣ የይለፍ ቃል መጻፊያው ሣጥን ፊቷ ቆሞ ጠበቃት። አርባ ስምንት ሰከንድ። ማራገቢያው አልጮኸም፤ ማተሚያው የታለ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። «እንዴት ነው?» አለ ሽቦ እየሳቀ። «ጥሩ ነው፤ እጅህ ይባረክ» አለች። ጨርቁን በእጇ እንደያዘች ቀረች። የሚመጣው እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ መጥታ ስትጫነው ወዲያው ይነሣላታል፤ ከዚያ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ያለውን ጊዜ ሁሉ ያለ ምንም መንደርደሪያ ትቀበለዋለች። እስከዛሬ ስትጠብቀው ነበር፤ የሚጠብቁት ነገር ያለው ሰው ደግሞ ብቻውን ነው አይባልም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፦ ሰብሳቢው፣ ጡረታቸው የደረሰ የሕግ ክፍል ሰው፤ ክሱን ያቀረበው የሰው ኃይል ኃላፊ፤ የሠራተኞች ተወካይዋ። ሽቦ በሙያ ምስክርነት ተጠርቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ አራት ጠርሙስ ውኃ ነበር፤ ለማለዳ የተቀመጠ ግን የለም፤ ሰብሳቢው የራሳቸውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። ኃላፊው ሰንጠረዡን አነበበ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ማለዳ ወረቀቷን አቀረበች። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ ግንባራቸው እየተፈታ ሄደ። «ሁለት ሰዓት ከሦስት ላይ ተጭናዋለች» አሉ ለኃላፊው። «ኮምፒውተሩ ነው የዘገየው።» ተወካይዋ አንገቷን አስረዝማ አየችና ለማለዳ ዓይኗን ጠቀሰችላት።

ኃላፊው ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። ቁጥር የሚወድ ሰው ነው፤ ያየው ደቂቃውን ሳይሆን በየመስመሩ ጫፍ ያለውን ተራ ቁጥር ነበር። «አራት መቶ አሥራ ሁለት» አለ፤ «ከዚያ አራት መቶ አሥራ አራት። አሥራ ሦስት የለም። እዚህም ይዘላል። እዚህም። በየሳምንቱ አንድ ቁጥር የለም።» ወረቀቱን አስቀመጠ። «ይቅርታ ይደረግልኝና ይህ ወረቀት ተነካክቷል።»

ሁሉም ወደ ሽቦ ዞሩ። የወጣቱ ጆሮ ቀላ። «አንዳንዴ... ማሽኑ ቁጥር ይዘላል» አለ።

«ማሽኑ ቁጥር የሚዘል ከሆነ ደቂቃስ ላለመዝለሉ ምን ማረጋገጫ አለን?» አሉ ሰብሳቢው፤ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን። መነጽራቸውን አወለቁ። ማለዳ መነጽሩ ሲወልቅ አየች፤ ከመነጽሩም ጋር አራት ዓመቷ ሲሄድ አየች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ወጣቱም ለእሷ ሲል በዋሸው ውሸት እንጀራው ሊበላሽ ነው።

«አይዘልም» አለች። «እሱ የለበትም፤ እንዲወጣ ያደረግሁት እኔ ነኝ። የጎደሉት እሑዶች ናቸው። ሙሉው ወረቀት ቦርሳው ውስጥ አለ።»

ሽቦ ቦርሳውን ከፈተ፤ የታጠፈውን ወረቀት አውጥቶ ሰብሳቢው ፊት አኖረ። ሰብሳቢው ዘርግተው አዩት። እሑድ፣ ሦስት ሰዓት። እሑድ፣ ሦስት ሰዓት። ቀና ብለው ማለዳን አዩዋት፤ እንደገና ወረቀቱን አዩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ እሳቸውም ከቢሮ የሚወጡት ዘግይተው እንደሆነ ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል። የተረዱት ነገር የነበረ ይመስላል፤ ሊጠይቁ ከንፈራቸውን ከፍተው ተዉት። ኃላፊው ግን በእውነት ግራ ገብቶት «እሑድ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለ። «ማን አዘዘዎት?»

«ማንም።»

ተወካይዋ ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች። ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ጉጉት ብቻ ነበር። ማለዳ ያን ፊት አየችና ቀሪውን መንገድ ሁሉ አየችው፦ አውቶቡሱን፣ ሁለቱን በሮች፣ የወንድሟ ሚስት ጓዳ በር ላይ ቆማ ስትሰማ፣ ሠላሳውን እሑድና ብርቱካኑን አንድ ላይ ስትቆጥር፣ በስልክ ያለችውን ነገር ስታስታውስ። ወንድሟ መስተዋቱ ፊት ምላጩን እንደያዘ ሲቀር።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደንቡን መንገር አለብኝ» አሉ። «ማስረጃ የሚያዘው በኮሚቴው ፊት ከዳር እስከ ዳር ተነቦ በቃለ ጉባኤ ሲሰፍር ነው። ተቆርጦ አይያዝም። እሑዶቹ ከተነበቡ ምክንያታቸውም አብሮ መጠየቁና መጻፉ አይቀርም። ይህን ካልፈለጉ ደግሞ ወረቀቱን ማንሣት ይችላሉ፤ መብትዎ ነው። ግን ያኔ የሚቀረን ይህ ሰንጠረዥ ብቻ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጊዜ ይፈልጋሉ?»

መስኮቱ ከዚህ ፎቅ ሲታይ ሰፊ ነው፤ የሚያልፉት ሰዎች ከእግራቸው እስከ ራሳቸው ይታያሉ። ማለዳ ሰብሳቢው ገፋ ካደረጉላት ውኃ አንድ ጊዜ ተጎነጨች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና መነጽሯን አደረገች።

«ጊዜ አልፈልግም» አለች። «ይነበብ፤ እሑዶቹም ይነበቡ። እኔው ራሴ አነባቸዋለሁ።»